ሁለት ቀን በሐረር ጁገል

የዚህ እትም የጥያቄና መልስ አምዳችን ሙሉ በሙሉ ለሐረር ተሰጥቷል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ወቅት ሲቃረብ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአስጎብኚ እየተመሩ ስለሚደረግ አጭር የሐረር ጉዞ የሚጠይቁ ነበሩ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ሰብስበን ለአምስቱ መልስ ሰጥተናል። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከ68 ዓመት እናቴ ጋር ወደ ሐረር ለመሄድ አስበናል። አንድ የጉዞ ወኪል የሰጠን ፕሮግራም ዓርብ ጠዋት በአውሮፕላን ድሬዳዋ መግባትና ማረፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁልቢ ገብርኤል፣ ከምሳ በኋላ «የሐረር ከተማ ጉብኝት 3 ሰዓት»፣ ማታ የጅብ ትርዒት፣ እሑድ ጠዋት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከዚያም መመለስ የሚል ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ይህ በቂ ነው ወይስ የሚቀየር ነገር አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የላኩልንን ፕሮግራም ደጋግሜ አነበብኩት። ቁልቢም፣ ቀፊራም፣ ጅብም አለበት፤ የጎደለችው ራሷ ሐረር ናት። ለሦስት ቀን ከምትከፍሉት ገንዘብ ውስጥ በግንብ ለታጠረችው አሮጌ ከተማ ለጁገል የደረሳት 3 ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ከምሳ በኋላ። በሐረር ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የበርጫ፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት፣ ጊዜ ነው። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ይሸፍናል፣ መንገዱ ጭር ይላል፤ በዚያ ሰዓት የሚገባ እንግዳ ከግድግዳ በቀር የሚያየው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ከወኪሉ ጋር በመጀመሪያ የምትነጋገሩት ስለ ሰዓት ይሁን፦ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሙሉ በሙሉ ለጁገል ይሰጥ፤ እሑድም ከጠዋቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ይጨመርበት፤ አዳራችሁም ድሬዳዋ ሳይሆን ሐረር ይሁን።

ቁልቢን ለማየት ያላችሁን ፍላጎት አልነቅፍም። ቤተ ክርስቲያኑን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የሐረር ገዥ ራስ መኮንን ናቸው፤ በ1898 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ላይ ስለሆነ ስፍራው ከሐረር ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትጨርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቁልቢ በምዕራብ፣ ሐረር በምሥራቅ ይቀራሉ። ሐረር ከገቡ በኋላ ወደ ቁልቢ መሄድ ማለት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ዓርብ ጠዋት ከደረሳችሁ በዚያው ቀን ከደንገጎ ወደ ቁልቢ ታጥፋችሁ፣ ተሳልማችሁ፣ ከዚያ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል አመሻሹ ላይ ሐረር ግቡ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ግን የንግሥ በዓል በመሆኑ መንገዱ በምእመናን ይሞላል፣ ማደሪያም አይገኝም፤ ለንግሡ ብላችሁ ካልሆነ በቀር ከእነዚያ ቀናት ራቁ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ መስመር ከሚሠራ ሾፌር ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጁገል ትንሽ ናት። በግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግንቡ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ቁመቱ ደግሞ 4 ሜትር ያህል ነው። ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። አሚር ኑር የኢማም አሕመድን ባለቤት የነበሩትን ባቲ ድል ወንበራን አግብተው፣ ከኢማሙ መሞት በኋላ የተዳከመችውን ከተማ ሀሺ በሚባለው ድንጋይ አጠሯት። ዛሬም አረንጓዴ ቀለም የተቀባው፣ ላዩ በድንጋይ እሾህ እንደ ተሰካ የሚመስለው የመቃብራቸው ጉልላት በከተማዋ ውስጥ አለ። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የቅዱሳን መካነ መቃብሮች፣ መኖራቸውን ጠቅሷል። ይህ ሁሉ በእግር የሚታይ ስለሆነ የአንድ ጎበዝ አስጎብኚ ሥራ ርቀት ማሳጠር ሳይሆን በር ማስከፈት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ልምድ ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ከሃያ በላይ ሰው በነበረበት ቡድን ውስጥ ሆኜ ሲሆን፣ አስጎብኚያችን ከሌላ ከተማ አብሮን የመጣ ሰው ነበር። ከሐረር በር ገባን፣ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ ቆመን ፎቶ ተነሣን፣ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ 40 ደቂቃ ቆየን፣ የአሚር ኑርን መቃብር ከሩቅ በጣት አሳየንና ወጣን። ለስድስት ዓመት ያህል «ሐረርን አይቻታለሁ» ስል ኖርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ሆነን፣ በጁገል ተወልዶ ካደገ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ጋር ስንሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በአንዲት ጠባብ መንገድ ወርዶ አንድ የእንጨት በር አንኳኳ፣ በሐረሪ ቋንቋ በጌይ ሲናን ሰላምታ ሰጠ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትም «ግቡ» አሉን።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከፊታችን አምስት ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ነበሩ፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ መደብ የየራሱ ሰው አለው። ከሁሉ የሚከበረው አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ሲሆን፣ በዚያ የተቀመጠ ሰው ከበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጓደኛዬ ሳያውቅ እዚያ ሊቀመጥ ሲል እናት እጃቸውን አንሥተው፣ ሳይቆጡ፣ ዝቅ ያለውን መደብ አሳዩት። በግድግዳው ላይ ስፌቶችና የዕቃ ሳሕኖች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ በበሩ በላይ ደግሞ ሁለት የተጠቀለሉ ምንጣፎች ተቀምጠው ነበር። በጥንቱ ልማድ በበር ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለች ለጠያቂ የሚናገር ምልክት ነው። ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ከርታት አሉን፤ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ተሸሽገው የሚሰነብቱባት፣ ምግብ በትንሽ መስኮት የሚቀበሉባት ክፍል ናት። ከዚያ ከቡና ገለባና ከወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበልን። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ሐረር ያወቅኩት በመጀመሪያው ጉዞ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ ወኪሉን ስትጠይቁ «ስንት ቦታ ታሳዩናላችሁ?» አትበሉ። አስጎብኚው የሐረር ልጅ ነው ወይ፣ ጌይ ሲናንና ኦሮምኛ ይችላል ወይ፣ ሰው የሚኖርበት ባህላዊ ቤት ገብተን እንቀመጣለን ወይ፣ ለቤቱ ባለቤት የሚሰጠው ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ በእጃችን እንሰጣለን ብላችሁ ጠይቁ። የመግቢያ ክፍያዎች ተካትተው እንደሆነም በጽሑፍ ይነገራችሁ። ስጦታ መግዣ ሱቅ የሚወስዷችሁ ከሆነ ይህ በመጨረሻው ቀን እንዲሆን፣ ጊዜውም እንዲወሰን ጠይቁ። ስፌት መግዛት ከፈለጋችሁ በተጎበኘው ቤት ራሱ እናቶቹ የሠሩትን መግዛት ከሁሉ ይሻላል።

እናትዎን በተመለከተ፣ መንገዶቹ በድንጋይ የተነጠፉ፣ ቁልቁለትና ዳገት ያላቸው ናቸው፤ ከ300 ከሚበልጡት ጠባብ መተላለፊያዎች አብዛኞቹም መኪና አያስገቡም። ሆኖም መላው ጉዞ አይቅርባቸው። በሐረር በር በኩል በባጃጅ ፈረስ መጋላ ድረስ ይግቡ፤ ከዚያ ወደ መኪና ግርግር ጥቂት ይራመዱ። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው፤ ጠዋት ጨርቅ ገዝታችሁ ለአንዱ ሰፊ ብትሰጡት ለልጆቹ ቀሚስና ሱሪ እዚያው ሰፍቶ ያስረክባችኋል፣ እናትዎም እስኪያልቅ ከሰፊው ጎን ወንበር ያገኛሉ። ልጆቹን ደግሞ ግድር መጋላ ውሰዷቸው፤ በሥጋ ገበያው ላይ ጭላቶች እያንዣበቡ ካልተጠነቀቀ ሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ሲሄዱ ያያሉ። ከዚያ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እዩ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት ያሰባሰቡት የብራና መጻሕፍት፣ አሚሮቹ በሐረር ያስመቱት ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና አልባሳት እዚያ አሉ፤ ቤቱም ተፈሪ መኮንን ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት እንደሆነ ይነገራል። ማደሪያን በተመለከተ በጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ባህላዊ ቤቶች አሉ፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ለጉልበታቸው ግን የመኝታው ክፍል ከምድር ቤት እንዲሆን አስቀድማችሁ ንገሩ። ማታ ብርድ ስላለ ጋቢ ያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሐረር ተወልዶ ያደገ ሲሆን እኔ ግን በልጅነቴ ወጥቼ የምኖረው አሜሪካ ነው። ዘንድሮ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። ስለ ሐረር የሚያውቁት በስልክ ያዩትን የጅብ ቪዲዮ ብቻ ነው። ለልጆች አደጋ የለውም? አባቴ ያደገበትንስ ሰፈር በሁለት ቀን ውስጥ ማግኘት ይቻላል? (ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም ለልጆችዎ ከጅቡ ይልቅ እሱ ይበልጥባቸዋል ብዬ አምናለሁ። የሐረር ሰው አድራሻ የሚናገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። ከአባትዎ ሦስት ነገር ጽፈው ይያዙ፦ በየትኛው በር አጠገብ እንደ ነበሩ፣ በቅርብ የነበረው መስጊድ፣ አዋች ወይም ቤተ ክርስቲያን ማን ይባል እንደ ነበር፣ ጎረቤት ማን እንደ ነበር። በሮቹ አምስት ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይላቸዋል፣ ሐረሪዎች ደግሞ አስማዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ከእነሱ በኋላ የተከፈተ ነው። አባትዎ ከግንቡ ውጪ ያደጉ ሊሆኑም ይችላሉና ይህንን መጀመሪያ ይጠይቋቸው። አስጎብኚውን ሲቀጥሩ እነዚህን ስሞች በስልክ ይንገሩት፤ እናንተ እስክትደርሱ ሽማግሌ ጠይቆ ይቆያል። ቤቱ ፈርሶ ሊሆን ይችላል፤ የአባትዎን አባት ስም የሚያውቅ አንድ አዛውንት ግን ከተገኘ ልጆቹን ከፊቱ አስቀምጧቸው፣ ቪዲዮውንም ያኔ ያንሡ።

ጅቡን በተመለከተ፣ ማብላቱ የሚካሄደው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከግንቡ ውጪ በፈላና በርና በሰንጋ በር አካባቢ ነው። ጅቦቹ የዱር ናቸው፤ የለመዱት የሚያበሏቸውን ሰዎች ነው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሲሆን፣ የሚያበሉት ሰዎች ጅቦቹን በስም እየጠሩ በአጭር እንጨት ጫፍ ሥጋ ያጎርሷቸዋል። ልጅን ከሚያበላው ሰው ጎን ሳይለይ፣ ሳይሮጥ፣ ሳይጮኽ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፤ እንጨቱን በአፉ ይዞ ያጉርስ ወይስ ይቅርበት የሚለውን ግን እርስዎ ልጅዎን አይተው ይወስኑ፤ የ9 ዓመቱ ፈራሁ ካለ አይግፉት። የመኪና መብራትና የካሜራ ብልጭታ እንዳይበዛባቸው አስጎብኚውን ይጠይቁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ልጆቹ አንድ ነገር በቀን ብርሃን ቢያዩ እመክራለሁ። በጁገል ግንብ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይሏቸዋል። ድሮ ሰው የሚገባባቸው በሮች በሌሊት ሲዘጉ ጅብ በእነዚህ ይገባና የከተማዋን ቆሻሻ ጠርጎ ይወጣ ነበር። ነዋሪው ጅብ ክፉ መንፈስን ይበላልናል ብሎ ያምናል። በየዓመቱ በዓሹራ ዕለት ደግሞ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ልማዱ በጥንት የረኀብ ዘመን ከተማውና ጅቦቹ ከገቡት ቃል ኪዳን የመጣ እንደሆነ ይተረካል። ልጆቹ ቀዳዳውን በእጃቸው ዳብሰው ይህን ከሰሙ በኋላ ማታ ጅቡን ሲያዩ ትርዒት ብቻ አይሆንባቸውም።

ጥያቄ፦ ከሦስት ሴት ጓደኞቼ ጋር ለመሄድ አስበናል፤ ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን ነን። መስጊዶቹንና አዋቾቹን ማየት ይፈቀዳል? አለባበሳችንስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሙስሊም የሆናችሁት በጃሚዕ መስጊድ በሴቶች መግቢያ በኩል ገብታችሁ መስገድ ትችላላችሁ፤ ክርስቲያን ጓደኞቻችሁ ግን ከውጪ ሆነው ይጠብቃሉ። በአዋቾች በኩል ልማዱ ሰፋ ያለ ነው፤ ጠባቂውን አስፈቅዶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ጥቂት ስጦታ አኑሮ መግባት በብዙዎቹ ይቻላል። ሐሙስ ማታ ሐረር ከሆናችሁ በከተማዋ ከሁሉ በላይ የሚከበሩት የሼኽ አባድር አዋች ዘንድ የሚደረገውን የዚክር (የመንፈሳዊ ዜማ) ምሽት አያምልጣችሁ። ሴቶች አዘውትረው የሚጎበኙት የአይ አቢዳ አዋችም አለ፤ አስጎብኚያችሁ ወንድ ከሆነ እዚያ ሴት እንድትመራችሁ ጠይቁት። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ወይም ሻሽ ለአራታችሁም ይበቃል። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ጉብኝት አትያዙ።

ጊዜ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ሹዋሊድ በሚከበርበት ሰሞን ሂዱ። ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ ሐረሪዎች ለሦስት ቀን የሚያከብሩት በዓል ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ማደሪያ ግን አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን ይዤ ሐረር ስሄድ አስጎብኚው «ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬምቦ የኖረበት ቤት ይህ ነው» አለን። ሌላ ሰው ደግሞ አልኖረበትም አለኝ። ለተማሪዎቼ የቱን ልንገር? (የታሪክ መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አልኖረበትም። ባለ ፎቅ የሆነው፣ ባለ ቀለም መስኮትና የተሣለ ጣሪያ ያለው የእንጨት ቤት አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ሲሆን፣ የተሠራውም ከሬምቦ ሞት በኋላ ነው። አርተር ሬምቦ ግን በእርግጥ የሐረር ነዋሪ ነበር። ግጥም መጻፉን ገና በሃያ ዓመቱ ገደማ ትቶ፣ በ1873 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ በግብፆች አገዛዝ ጊዜ፣ የአንድ ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ በኋላ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ቆየ፣ ለንጉሥ ምኒልክም ጠመንጃ ሸጧል። ጉልበቱ ላይ ዕጢ ሲወጣበት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዘይላ ወረዱ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ለተማሪዎችዎ ይህን ንገሯቸው፤ ቤቱንም ማየታቸው አይቅር፣ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች እነሱ በእግራቸው ያለፉበትን መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት እንዴት እንደ ነበር ያሳዩአቸዋል።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ሸዋ ሲሆን የቅድመ አያቴ ታሪክ በቤታችን ሲነገር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ጨለንቆ እንደ ዘመቱ ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሐረር ባህላዊ ቤት ስንገባ አስጎብኚው ቀዩ ወለል በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ተናገረ። ከቡድናችን አንዱ ነገሩን ወደ ክርክር ወሰደው፤ እኔ ዝም አልኩ፣ የቤቱ እናትም ዝም አሉ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ምን ማለት ነበረብኝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ከራሴ ዝምታ ጋር እያስታወስኩ ነው። በዚያች እናት ቤት ጫማዬን አውልቄ የረገጥኩት ወለል በቀይ አፈር የተለቀለቀ ነበር፤ እኔም ቃል አልወጣኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግብፆች እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሐረርን ከያዙ በኋላ ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ገዙ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የአሚሩን ጦር በአጭር ጊዜ ውጊያ አሸነፉ፤ ሐረርም በደጃዝማች መኮንን፣ በኋላ በራስ መኮንን፣ አስተዳደር ሥር ዋለች። ዛሬ ፈረስ መጋላ ላይ ሲቆሙ አንድ አደባባይ ላይ ሁለት ነገር ያያሉ፦ ከድሉ በኋላ፣ በግብፆች ጊዜ በተሠራ መስጊድ ቦታ ላይ የታነጸውን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ እና በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት። እኔ ጥሩ አስጎብኚ የምለው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ የሚናገረውን ነው። ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ አንዱን፣ ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ሌላውን የሚያስቀር አስጎብኚ አጋጥሞኛል፤ የእንግዳውን ፊት እያየ ታሪክ የሚያሳጥር ሰው ገንዘብዎን ሊወስድ አይገባውም።

እርስዎ ዝም ማለትዎ ጥፋት አልነበረም። በሰው ቤት፣ በሰው መደብ ላይ ተቀምጦ የቤቱን ባለቤት ሐዘን መከራከር ግን ነውር ነው፤ ጓደኛዎን ወደ ውጪ ወስዶ ይህንን መንገር ይገባ ነበር። ክርክሩ ቦታ አለው፤ መጽሐፍ እየገለጡ፣ ከታሪክ አዋቂ ጋር ቁጭ ብሎ የሚደረግ ነው፤ ሆጃ እየቀረበልዎት ግን አይደለም።

ተመልሰው ለመሄድ አቅሙ ካለዎት ይሂዱ። አስጎብኚውን ያንኑ ቤት እንዲያስገባዎ ይጠይቁት፤ በዚህ ጊዜ ብቻዎን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ይሁኑ። ስኳርና ቡና ይዘው ይግቡ፣ በሚያሳዩዎት መደብ ላይ ይቀመጡ፣ እናት ስለ ልጆቻቸው ሲጠይቁዎት ይመልሱ። ጨዋታው ሲደራ «ቅድመ አያቴ ጨለንቆ ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ እርስዎ ከወላጆችዎ የሰሙትን ቢነግሩኝ ብዬ መጣሁ» ይበሏቸው። ከዚያ የሚሉትን ያዳምጡ። ቢያለቅሱም፣ ቢስቁም፣ ወሬውን ወደ ሌላ ቢወስዱትም ያው ነው፤ ሆጃውን እስከ መጨረሻው ጠጥተው፣ ስኒውን በሁለት እጅ መልሰው ይነሡ።